ፊደላችንና የቁልፍ ሰሌዳው፤ ከጽሕፈት መኪና እስከ ኮምፒዩተር

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ኢተያ ሲደርስ በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው የስንዴው ማሳ ነው። የአርሲ ደጋ በስንዴና በገብስ የታወቀ ስለ ሆነ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ወደ ከተማይቱ ገባ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን፥ እንደ ማንኛውም የአገራችን የወረዳ ከተማ ሁሉ፥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥበትም ትንሽ ቤት አይታጣም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ባለጉዳይ፥ የትምህርቱንና የሥራ ልምዱን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ወጣት፥ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪ፥ ሁሉም ተራውን ጠብቆ የሚቆመው በዚያ ነው።

በእንዲህ ያለው ቤት የምትሠራ ጸሐፊ በአንድ ቀን ውስጥ ለአንዱ በአፋን ኦሮሞ፥ ለሌላው በአማርኛ፥ ለሦስተኛው በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። የምትመታው ሰሌዳ ግን አንድ ነው። «ናጋ» የሚለውን ቃል በቁቤ ስትጽፍ አምስት ጊዜ ትመታለች። ትርጉሙ ያው የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል «ፒስ»ን ስትጽፍም አምስት ጊዜ ትመታለች። «ሰላም» ብላ በአማርኛ ስትጽፍ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የሚታዩት ፊደላት ሦስት ብቻ ቢሆኑም ብዙ ጸሐፊዎች በሚጠቀሙበት ዘዴ አሁንም አምስት ጊዜ መምታት ያስፈልጋታል። በመጀመሪያ «ስ» ትወጣለች፤ በሁለተኛው ምት ወደ «ሰ» ትለወጣለች፤ ከዚያ «ል» ትከተላለች፤ «ል»ም «ላ» ትሆናለች፤ በመጨረሻ «ም» ትታከላለች። በሁለቱ ቋንቋዎች የተመታው ቁልፍና የታየው ፊደል አንድ ሲሆኑ በአማርኛው ግን በጣትና በፊደል መካከል አንድ አስተርጓሚ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ አስተርጓሚ ከየት መጣ? ማንስ ሾመው? ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመለከተው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። ነገሩ ለጊዜው የጣት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በውስጡ ሲገቡበት ግን የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችን መዝገብ፥ የወጣቶችን አጻጻፍና የፊደላችንን ዕድሜ የሚነካ ሆኖ ይገኛል። የውጭ አገሩን ታሪክና የኮምፒዩተሩን ዘመን በምንናገርበት ጊዜ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምንጽፍ አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንለምናለን።

የሰሌዳው አመጣጥ

የኮምፒዩተራችን የቁልፍ ሰሌዳ አባቱ የጽሕፈት መኪና ነው። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ የተባለው አሜሪካዊ የጋዜጣ ሰውና አታሚ በሚልዋኪ ከተማ ከካርሎስ ግሊደንና ከሳሙኤል ሶል ጋር ሆኖ ለሠራው የጽሕፈት መኪና በ1868 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1873 እ.ኤ.አ. ጠመንጃና የስፌት መኪና ይሠራ የነበረው የሬሚንግተን ኩባንያ መኪናውን ለማምረት ተዋዋለ፤ በሚከተለውም ዓመት ለገበያ አቀረበው። ያ የመጀመሪያው መኪና የሚጽፈው በትልልቁ የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ትልቁንና ትንሹን ፊደል በአንድ ቁልፍ ላይ አጣምሮ፥ በሌላ ቁልፍ በመለዋወጥ ሁለቱንም መጻፍ የቻለው በ1878 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የሬሚንግተን መኪና ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ «ሺፍት» የሚባለው ቁልፍ የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

በላይኛው የፊደል ረድፍ በግራ በኩል የሚነበቡት ስድስት ፊደላት ኪው፥ ደብልዩ፥ ኢ፥ አር፥ ቲ፥ ዋይ ናቸው፤ ሰሌዳውም በእነርሱ ስም «ክዌርቲ» ይባላል። ፊደላቱ እንዲህ ስለ ተደረደሩበት ምክንያት ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው፥ በአንድነት ቶሎ ቶሎ የሚመቱ ፊደላት መዶሻዎቻቸው እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ ለማራቅ ነው የሚለው ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች የቴሌግራፍ ሠራተኞች ስለ ነበሩ፥ የሞርስን ምልክት እየሰሙ ለሚጽፉ ሰዎች እንዲመች ሆኖ ቀስ በቀስ ተስተካከለ ይላሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ድርድሩ የተወለደው በዚያን ጊዜ በነበረ የሥራ ችግር ነው።

ታዲያ መዶሻው ከጠፋ፥ ቴሌግራፉም ከቀረ በኋላ ድርድሩ ለምን አልተለወጠም? መልሱ ሰዎች በጣታቸው ስለ ተማሩት የሚል ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ ውድድር ፍራንክ ማክገሪን የተባለው ጸሐፊ ሰሌዳውን ሳያይ በዐሥር ጣት እየጻፈ ተወዳዳሪውን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ በዐሥር ጣት መጻፍ እንደ ሙያ ትምህርት እየተስፋፋ ሄደ። ብዙ ሺህ ሰዎች አንድ ጊዜ ከተማሩት በኋላ ሌላ ድርድር ማምጣት እንደ ሕዝብ ልማድ መለወጥ ያለ ከባድ ነገር ሆነ። ኦገስት ድቮራክ የተባለው የአሜሪካ ምሁር ለእንግሊዝኛ ይበልጥ ይመቻል ያለውን ድርድር ሠርቶ በ1936 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ቢቀበልም የቀድሞውን ከቦታው ሊነቀንቀው አልቻለም። ስለዚህ የቁልፍ ሰሌዳ በአንድ ዘመን በችግር ተወስኖ በሌላ ዘመን በልማድ የሚጸና ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ፊደልና ጥቂት ቁልፍ

እንግዲህ ይህ ለሃያ ስድስት ፊደላት የተሠራ መኪና ወደ ሌላው ዓለም በተሰራጨ ጊዜ የገጠመው ችግር ምን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። የጽሕፈት መኪና አርባ ከምናምን ቁልፍ አለው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ሁለት ምልክት ቢቀመጥ ጠቅላላው ከ90 ብዙ አያልፍም። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ ግንዶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «ሏ»፥ «ሟ»፥ «ቋ»፥ «ጓ» እያልን የምንጠራቸው ዲቃላዎችና የውጭ ቃላት የምንጽፍባት «ቨ» ከነቤተሰቧ ሲጨመሩ፥ ከ«፩» እስከ «፼» ያሉት 20 አኀዞችና ነጥቦቹም ሲታከሉበት ቁጥሩ ከ270 በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በ90 ምልክት ቦታ ላይ ማስፈር አይቻልም።

በዚህ ዓይነት የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። በ1892 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ማክፋርላንድ የተባለ ሰው ለታይላንድ ቋንቋ የጽሕፈት መኪና ባሠራ ጊዜ ቦታ ስላልበቃው ሁለት ተነባቢ ፊደላትን ተዋቸው። ፊደላቱ ቀድሞም ብዙ አይሠራባቸውም ነበር፤ ከመኪናው ከቀሩ በኋላ ግን ጨርሰው ከአገልግሎት ወጡ። ዛሬ የታይላንድ ልጆች በፊደል ገበታቸው ላይ ስማቸውን ይማሩአቸዋል እንጂ አይጽፉባቸውም። የቱርክ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ቱርኮች ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጽፉ የአሜሪካውን ሰሌዳ እንዳለ መቀበል ይችሉ ነበር። ነገር ግን ኢህሳን የነር የተባለ መምህር ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በቱርክ ቋንቋ ውስጥ የትኛው ፊደል ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ አስቆጥሮ፥ ለጠንካራው ጣት ብዙ ሥራ ያለበትን ፊደል ሰጥቶ አዲስ ድርድር አዘጋጀ። መንግሥታቸውም በ1955 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የአገሪቱ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው።

አንዱ አገር ለመኪናው ሲል ከፊደሉ ቆረጠ፤ ሌላው አገር ቋንቋውን መርምሮ መኪናውን አስተካከለ። የእኛ አባቶች የያዙት ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነበር።

አያና ብሩና የአማርኛው መኪና

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠራው የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ነው። እኒህ ሰው ከፋሺስት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ለላቲን ፊደል የተሠራውን መኪና አማርኛ እንዲጽፍ ለማድረግ ደከሙ። የዘዴው ፍሬ ነገር ፊደሉን ከነሙሉ መልኩ በአንድ ምት ከመጻፍ ይልቅ በቁርጥራጭ መሥራት ነው። ግንዱ ለብቻው ይመታል፤ የካዕቡ፥ የሣልሱ፥ የኃምሱ ቅጥያ ደግሞ በሌላ ቁልፍ ይታከልበታል። እንዲህ ከሆነ በጥቂት ቁልፍ ብዙ ፊደል ማውጣት ይቻላል።

ይህ ሐሳብ የፊደላችንን ጠባይ ጠንቅቆ ከማወቅ የመነጨ ነው። «በ»ን ብንመለከት፥ «ቡ» በስተቀኝ ወገቧ ላይ፥ «ቢ» በስተቀኝ እግሯ ሥር ሰረዝ ይጨመርላቸዋል፤ «ቤ» ደግሞ እግሯ ላይ ቀለበት ታገኛለች። ካዕብ፥ ሣልስና ኃምስ በብዙ ፊደላት ላይ እንዲህ ያለውን ሥርዓት ስለሚከተሉ ለመኪና የተመቹ ናቸው። አስቸጋሪዎቹ ራብዕ፥ ሳድስና ሳብዕ ናቸው። «ባ» አንድ እግሯ ያጥራል፤ «ታ» ግን እግሯ ይታጠፋል። «ቦ» በእግር ርዝመት ስትለይ «ሎ» በራሷ ላይ ቀለበት ታደርጋለች። ሳድሱማ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ የየራሱ ጠባይ ስላለው በአንድ ሕግ አይገዛም።

ቆይቶም የኢጣልያው የኦሊቬቲ ኩባንያ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና እያመረተ ለአገራችን ገበያ አቀረበ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ገባ። በእነዚያ ዓመታት ሥራ የነበሩ ሰዎች ሁኔታውን ያስታውሱታል። አንድ ደብዳቤ ለአምስት ክፍል መላክ ካስፈለገ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ገብቶ በአንድ ምት ይባዛል፤ ለመቶ ሰው የሚበቃ ከሆነ ደግሞ በስቴንስል ላይ ተመትቶ በማባዣ መኪና ይታተማል። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ ተቋማት ያሠለጠኗቸው ጸሐፊዎች የመሥሪያ ቤቱ የጀርባ አጥንት ነበሩ። አንድ ሚኒስቴር ወደ ጠቅላይ ግዛት፥ ጠቅላይ ግዛቱም ወደ አውራጃና ወደ ወረዳ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ሁሉ በእነርሱ ጣት ያልፍ ነበር።

ይሁን እንጂ መኪናው ለፊደሉ ሙሉ በሙሉ አልተስማማውም ነበር። በዚያን ጊዜ በመኪና የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በእጁ የገባ ሰው አስተውሎ ቢመለከት፥ የቅጥያው ሰረዝ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ቀጭኑና ወፍራሙ ተለይቶ በብርዕ ይጻፍ የነበረው ፊደል በመኪናው ላይ ሲደርስ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ሽቦ መሰለ። ከዚህም የተነሣ ከመኪናው ይልቅ ፊደሉ ይስተካከል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» የተሰኘ መጽሐፍ በአዲስ አበባ መታተሙ በጉዳዩ ላይ ምን ያህል ታስቦበት እንደ ነበረ ያሳያል። ሐሳቦቹ ልዩ ልዩ ቢሆኑም የብዙዎቹ ግብ የፊደሉን ቁጥር መቀነስ ወይም የሰባቱን መልክ ቅጥያ አንድ ወጥ ማድረግ ነበር።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ልጅ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ «ሀ ሁ» ያለበትን፥ ዳዊት የተደገመበትን ፊደል ለመኪና ሲባል መለወጥ የሚያጠግብ ምክንያት ሆኖ አልታየውም። ፊደሉ ሳይነካ ቀረ፤ የመኪናው ባለሙያዎችም ድካማቸውን ቀጠሉ። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ በቴሌግራፍ መሥመር አማርኛ የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር መሥራታቸው የዚሁ ጥረት ሌላ ምዕራፍ ነው።

ዛሬ ላይ ቆመን ስንመለከተው ያ የሕዝብ እምቢታ ጥበብ ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱም ፊደሉ ይቆረጥ የተባለለት ችግር የመኪናው ችግር ነበረ፤ መኪናውም ዘመኑን ፈጽሞ አለፈ። ፊደሉ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ግን የሄደው አይመለስም ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተር መስፋፋት ሲጀምር ፊደሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነሙሉ መልኩ፥ ሳይቆራረጥ በመኪና መጻፍ የሚቻልበት ጊዜ ደረሰ። በዚህ ሥራ ከተሰለፉት መካከል በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። የዳሽን ኢንጂነሪንግ መሥራች አቶ ፍሥሐ አጥላው አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ፕሮግራም ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ «ሞድኤት» የተሰኘ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል፤ ስለ ግእዝ ፊደል አከታተብ ዘዴያቸውም በ2015 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቷቸዋል። በአገር ውስጥም «አጋፋሪ»ን፥ ኋላም «ቪዥዋል ግእዝ»ንና «ፓወር ግእዝ»ን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ።

በዚህ ጊዜ አዲስ ችግር ተፈጠረ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አንድን ፊደል የሚያውቀው ከ256 ቁጥሮች በአንዱ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ግማሾቹ አስቀድሞ ለእንግሊዝኛ ፊደልና ለልዩ ልዩ ምልክት ተይዘዋል። ከ270 በላይ የሆነው ፊደላችን በቀረው ቦታ ስለማይበቃ አንዳንድ ባለሙያዎች ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው አስቀመጡት። ከሁሉ የከፋው ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር መምረጡ ነው። በአንዱ ፕሮግራም «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ለአገልግሎት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ፥ የቀድሞ ደብዳቤው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «አይነበብም» የተባለ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ጸሐፊም ደርሶበታል።

ችግሩን ከሥሩ የፈታው ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ዩኒኮድ በዓለም ላሉት ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ አንድ ቁጥር ይሰጣል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ገባ፤ በመጀመሪያውም ዙር ከ340 በላይ ምልክቶች ቦታ አገኙ። በ2005፥ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት ተጨመሩ። የኦሮምኛን ድምፅ ለመጻፍ ከ«ደ» የተበጀችው «ዸ» እንኳ፥ ዛሬ አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ የሚጻፍ ቢሆንም፥ በዚያ መዝገብ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ ስለ ወጣ፥ አማርኛን ለማንበብ የተለየ ፕሮግራም መግዛት ቀረ። አሁን በእጅ ስልካችን ላይ ያለምንም ችግር የምንጽፈውና የምናነበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገና ያልተፈታው ነገር

አንባቢ «እንግዲያስ ነገሩ አልቋል፤ ምን ቀረ?» ይል ይሆናል። የፊደሉ ቁጥር አንድ ሆነ እንጂ የጣቱ መንገድ አንድ አልሆነም። በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም በልዩ ልዩ ዘዴ ይጽፋሉ። በብዙ ዘንድ የተለመደው በድምፅ የሚሄደው ዘዴ ነው። የ«ኤል» ቁልፍ ብቻዋን ስትመታ «ል» ትወጣለች፤ «ኤል»ና «ዩ» ሲመቱ «ሉ»፥ «ኤል»ና «ኦ» ሲመቱ «ሎ» ይሆናል። ይህ ለእንግሊዝኛ ሰሌዳ ለለመደ ሰው ለመማር ቀላል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን «ጨ»፥ «ጠ»፥ «ጰ»፥ «ኘ» የት ይገኛሉ ቢባል አንዱ ፕሮግራም በአንድ ቁልፍ፥ ሌላው በሌላ ቁልፍ ያደርጋቸዋል። በአንዱ መሥሪያ ቤት ፈጣን የነበረች ጸሐፊ ወደ ሌላው ስትዛወር እንደ አዲስ ተማሪ ጣቷን ታለማምዳለች።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ስውር ነው። ሃሌታው «ሀ»፥ ሐመሩ «ሐ»ና ብዙኃኑ «ኀ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ እሳቱ «ሰ»ና ንጉሡ «ሠ»ም እንዲሁ። በድምፅ በሚሄደው ዘዴ ከእነዚህ አንዱ በቀላል ምት ይገኛል፤ ሌሎቹ ግን ተጨማሪ ምት ይጠይቃሉ። የቸኮለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመርተው ቀላሉን ነው። ስለዚህ «ሠራተኛ» «ሰራተኛ»፥ «ሐኪም» «ሀኪም»፥ «ፀሐይ» «ጸሀይ» እየሆነ ሲሄድ የምናየው፥ ጸሐፊው ስለ አጻጻፍ መርምሮ በወሰነው ውሳኔ ሳይሆን በቁልፉ ቅርበት ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር የቆየና ሁለቱም ወገን ምክንያት ያለው ነው። ነገር ግን እንደ ታይላንዱ ሁለት ፊደላት ሁሉ፥ ክርክሩን የሚጨርሰው የሰሌዳ ሠሪ ምቾት ሊሆን አይገባም። መቀነስ ካለባቸው ምሁራን ተወያይተው፥ ሕዝብ ተረድቶት ይቀነሱ።

ሦስተኛው ነገር የወጣቶቹ ነው። ብዙ ተማሪዎች በስልክ መልእክት ሲለዋወጡ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ይፈጥናል» ይላሉ። ሆኖም ከላይ እንዳየነው «ሰላም» በሁለቱም መንገድ አምስት ምት ነው። በላቲን የተጻፈው ደግሞ ቦታው ይበዛል፤ «ጠ»ን ከ«ተ»፥ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየትም ያስቸግራል፤ አንባቢውም ቃሉን በግምት ይፈታዋል። ስለዚህ ያስቸገራቸው ፊደሉ ሳይሆን የመጻፊያውን ዘዴ በትምህርት ቤት ያስተማራቸው አለመኖሩ ነው።

አራተኛውና ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የመዝገብ ጉዳይ ነው። በቀድሞው ዘመን ከአሩሲ ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት በመኪና ተጽፎ የወጣ ደብዳቤ ምስጥና እርጥበት ካላገኘው ዛሬም ይነበባል። ፊደሉ ቢንሻፈፍም ባለጉዳዩ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ይከራከርበታል። ከዚያ በኋላ በመጣው የተሻለ መኪና፥ ዩኒኮድ ሳይለመድ በየፕሮግራሙ ተጽፎ በዲስክ ብቻ የተቀመጠው ጽሑፍ ግን ፎንቱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። የወላጆቻችን ደብዳቤ ሲነበብ የታላላቆቻችን ደብዳቤ አለመነበቡ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከኢተያ ወደ አሰላ ሲኬድ በመንገድ ላይ ቁሉምሳ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ርዳታ «ካዱ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ የአካባቢው ገበሬ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ የስንዴ ዘር አይቷል። ነገር ግን የመጣው ዘር ሁሉ እንዳለ አይዘራም። በማዕከሉ ማሳ ላይ ይፈተናል፤ ዋግ የማይበግረው፥ ከአፈሩና ከዝናሙ የሚስማማው ተመርጦ ይሰጣል። ለቁልፍ ሰሌዳችን ያልተደረገለት ይህ ፈተና ነው። የመጣው መጣ፤ ሁሉም እንዳገኘው ዘራው።

የሚደረገው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ፥ ቱርኮች እንዳደረጉት የአማርኛና የሌሎች በግእዝ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ጽሑፍ ተቆጥሮ የትኛው ፊደል እንደሚበዛ ይታወቅ፤ በዚያ መሠረት የተዘጋጀ አንድ የመጻፊያ ድርድር በትምህርት ቤትና በሙያ ማሠልጠኛ ሁሉ ይሰጥ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፥ በአሰላ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፥ ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲፈልጉ ከዚህ የተሻለ ማግኘታቸው ያጠራጥራል። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጻፉበት እንደ ኢተያ ያለ ከተማ ደግሞ ለጥናቱ የተመቸ ቦታ ነው፤ ጸሐፊዋ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገር ጣቷ የት ላይ እንደሚሳሳት አንድ ሳምንት ቢቆጠር ብዙ ያስተምራል።

ሁለተኛ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የቀድሞ ፋይል ፕሮግራሞቹን የሚያውቁ ሰዎች ጡረታ ሳይወጡ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ይህን ለማድረግ የሚኒስትር ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ወጣት የክፍል ኃላፊ በቀን ዐሥር ፋይል እያየ፥ የሚነበበውን ከማይነበበው ለይቶ መዝግቦ ቢጀምር በአንድ ዓመት ውስጥ የክፍሉ ነገር ፈር ይይዛል። አዲስ የሚጻፈውም ሁሉ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ፎንት እንዲሆን ማዘዝ በእርሱ ሥልጣን ነው።

ሦስተኛ፥ በዐሥር ጣት መጻፍን የጸሐፊዎች ሙያ ብቻ አድርጎ ማየት ይቅር። በጽሕፈት መኪናው ዘመን ሹሙ ይናገራል፤ ጸሐፊዋ ትመታለች። ዛሬ ግን ሹሙም፥ መምህሩም፥ ተማሪውም የራሱ ጸሐፊ ሆኗል። በሁለት ጣት እየለቀመ አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ባለዲግሪ፥ ባለጉዳዩን ደጅ ላይ ያስቆመው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ይወቅ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለጥቂት ወራት መለማመድ ይህን ዕዳ ያስቀራል።

አያና ብሩ ከዘጠና ዓመት በፊት ለዘጠና ምልክት በተሠራ መኪና ላይ ከ270 በላይ ፊደል ለማስፈር ሲደክሙ፥ የአገራቸውን ፊደል ከመኪና ዘመን ጋር ለማገናኘት ነበር። ዛሬ መኪናው ሰፍቷል፤ ቁጥሩም ተሰጥቷል፤ ፎንቱም በነጻ ይገኛል። የቀረው ሥራ በአንድነት ተቀምጦ መወሰንና መማር ነው፤ ይህም የወጣቱ ትውልድ ድርሻ ነው።